የኤጀርሳ ኮረብታን ባለቤት አልባ ያደረግንበት ውል

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ የምስጋና ወረቀት «በሊበን የደን ሀብት እንዲጠበቅ ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ይላል። የተቀበልኩት ነገሌ፣ የወረዳው አዳራሽ ውስጥ፣ ለስላሳና ብስኩት በተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ነው። ኃላፊው እጄን ጨብጦ ማይክሮፎኑን ሲያቀብለኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ትሕትና መስሎት አጨበጨበ። ትሕትና አልነበረም፤ ንዴት ነው። የያዝኩት ወረቀት ውሸት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የዚያን ቀን ያልተናገርኩትን አሁን እጽፋለሁ።

ስሜ ዘነበች ይባላል። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር የተመደበ ወታደር ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ በአማርኛም በኦሮምኛም አፌን ፈታሁ። የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከደን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ግርግሩ ጋብ ሲል ወደ ሥራዬ ብመለስ የችግኝ ጣቢያችን ቆርቆሮ ተነቅሏል፤ የውኃ መሳቢያው የለም፤ ባለሙያዎቹም አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ሄደዋል። ቢሮው ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የደን ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ሽፈራው። በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ከፋይል ላይ አቧራ እያራገፉ ነበር። «መጣሽ? በይ ጫማሽን አጥብቂ፤ ነገ እንሄዳለን» አሉኝ።

መኪና ስላልነበረን የምንሄደው የጭነት መኪና ለምነን ወይም በእግራችን ነው። ሥራውን የተማርኩት ከማሠልጠኛው ይልቅ ከእሳቸው ነው። ዛፍ ስንለካ ዳገት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል ቆመን፣ በደረት ቁመት፣ ሜትሩን ቅርፊቱ ላይ ሳናጠብቅ እንድንጠመጥም ያዙኛል። ጉቶ ሲያዩ ይንበረከኩና በጥፍራቸው ይጭሩታል። የጽድ እንጨት አዲስ ሲቆረጥ ውስጡ ደም ይመስላል፤ ቀለሙ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይነግራቸዋል። ገመድ ዘርግተው ክብ ያበጁና በውስጡ የበቀሉትን ቡቃያዎች በጉልበታቸው እየዳሁ ይቆጥራሉ። «ትልቁን ዛፍ ማንም ያየዋል፤ ደን ሊሞት መሆኑን የምታውቂው ልጆቹ ሲጠፉ ነው» ይሉኝ ነበር። የዛፉን ስም መጀመሪያ በኦሮምኛ ይጽፋሉ፤ የማሠልጠኛው ስም ከጎኑ ይከተላል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። መስክ ላይ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። አንድ ሰው የነገራቸውን ከጻፉ በኋላ እዚያው ቁጭ ብለው ለራሱ ለሰውየው ያነቡለታል። ሰውየው «ኤዬ»፣ አዎ፣ ካለ ብቻ ቢሮ ሲገቡ በእስክሪብቶ ይገለብጡታል። «ኤዬ ያላለበትን በቀለም አትጻፊ» ይሉኝ ነበር። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

የኤጀርሳን ኮረብታ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ኤጀርሳ ወይራ ማለት ነው። ኮረብታው ከላይ ጽድ፣ ከወገቡ በታች ወይራ፣ በየመሐሉ ደግሞ ሰው ደረት የሚደርስ ሣር ነበረው። በዙሪያው ያለው ሜዳ ተግጦ ሲያበቃ እሱ ብቻ ለምን እንዲህ እንደቀረ ስጠይቃቸው፣ «ባለቤቶቹን እንጠይቅ» ብለው ወደ አንድ ጎልማሳ ሰው ወሰዱኝ። ጉዮ ይባላል። ያኔ ጢሙ ገና አልሸበተም።

«አካም?» አለን።

«ናጋ» አልነው።

ጉዮ በትሩን መሬት ላይ አስተኝቶ ቁጭ አለና ነገረን። ኮረብታው ካሎ ነው፤ ማለትም ለክፉ ቀን የተከለለ ሣር። ዝናብ ባለበት ጊዜ አንድም ከብት አይገባበትም። እርጥብ ዛፍ የቆረጠ ሰው ኮራ በሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ይጠራና ጊደር ይቀጣል። ዝናብ ሲቀርና ከብት መነሣት ሲያቅተው ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ኮረብታውን ይከፍቱታል፤ ያውም ለጥጃና ለደከመች ላም ብቻ፣ ቦታውን በክፍል በክፍል እየለዩ። ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል።

ጋሼ ሽፈራው ሁሉንም በእርሳስ ጻፉ፤ አነበቡለት፤ ጉዮ ሁለት ቦታ አረማቸውና «ኤዬ» አለ። ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ዘነበች፣ ይህን ደን የምንጠብቀው እኛ እንዳይመስልሽ። እዚህ ያለን ሥራ አለማበላሸት ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አሬሮ ተመደብኩ፤ ቀጥሎ ሜጋ። አሬሮ የነበረው አለቃዬ የተተከለ ችግኝ እንጂ የጸደቀ ችግኝ ሲቆጠር ማየት አይፈልግም ነበር። «የተተከለውን ጻፊ፤ የጸደቀውን እግዜር ያውቀዋል» ይለኝ ነበር። ሜጋ ላይ ደግሞ ሦስት አለቆች ተፈራረቁብኝ፤ መሥሪያ ቤታችንም ስሙን በየጊዜው ይቀይር ነበር። አንድ ጊዜ ግብርና ስር ነን፤ አንድ ጊዜ አርብቶ አደር፤ አንድ ጊዜ ደን ለብቻው። ስም በተቀየረ ቁጥር የፊተኛው መሥሪያ ቤት የገባውን ቃል የኋለኛው «አይመለከተኝም» ይላል። አርብቶ አደሩ ግን የሚያውቀው አንድ መንግሥት ነው። «ትናንት እናንተ አልነበራችሁም?» ይለን ነበር።

ወደ ነገሌ በዝውውር ስመለስ ጋሼ ሽፈራው ጡረታ ወጥተው ከዚህ ዓለም ተለይተው ነበር። በክፍሉ ውስጥ አንጋፋዋ እኔ ሆንኩ።

የደን ክፍያ ፕሮግራሙ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሐሳቡን ስሰማ ደስ ያላለኝ መስሎ እንዳይታይ፤ ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ደን ጠብቆ ያቆየ ማኅበረሰብ፣ ደኑ ለሌላው ዓለም ስለሚሰጠው አየርና ውኃ ክፍያ ያገኛል ተባለ። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ምን አለ? ኤጀርሳን እኔው ራሴ ጠቆምኩ። የፕሮግራሙ አስተባባሪ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ፣ ክፉ ሰው ያልሆነ። ኮረብታው ላይ ሲወጣ «እንዲህ ያለ ቦታ አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቅድመ ሁኔታዎቹ መጡ። ከፋዩ ውል የሚዋዋለው ሕጋዊ ሰውነት ካለው አካል ጋር ነው። ኮራ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ ቢሮ የለውም። ስለዚህ ማኅበር ይቋቋም ተባለ። የማኅበር ሊቀ መንበር ማንበብና መጻፍ የሚችል መሆን አለበት። ሽማግሌዎቹ አይችሉም። ስለዚህ ኮረብታው ላይ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይወጣ የቀበሌ ሰው ሊቀ መንበር ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሣር ሲያስከብር የኖረው ጉዮ በአባላት ዝርዝር ውስጥ ከታች በኩል አንድ ተራ ስም ሆነ። ያኔ መጮህ ነበረብኝ። አልጮኽኩም።

የመተዳደሪያ ደንቡ የተዘጋጀው ከላይ በወረደ ቅጽ ነው። አንዱ አንቀጽ «በተከለለው ደን ውስጥ ማናቸውም ዓይነት ግጦሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይላል። ሳነበው ለአስተባባሪው ነገርኩት። ካሎ ምን እንደሆነ፣ ከብቱ የሚገባው መቼ እንደሆነ አስረዳሁት። ማስታወሻው ላይ ጻፈልኝ።

ደንቡ የጸደቀው ኮረብታው ግርጌ፣ ወይራው ጥላ ስር ነው። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሁሉም ከተነበበ በኋላ ጉዮ እጁን አነሣ። አሁን ጢሙ ነጭ ሆኗል።

«ዝናብ ሲቀር ጥጃና የደከመች ላም ይገባሉ። ኮረብታው የተጠበቀው ለዚያ ነው። ይህ ወረቀቱ ላይ አለ ወይ?» አለ።

ለአስተባባሪው ተረጎምኩለት። እሱም ሰዓቱን አየና፣ «አሁን ቅጹን ከነካነው ማጽደቁ ወደ መጪው ዓመት ይገፋል። በማሻሻያው ጊዜ ይገባል በያቸው» አለኝ።

ወደ ጉዮ ዞርኩና በኦሮምኛ «ይገባል» አልኩት።

ከአረፍተ ነገሩ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው የወሰድኩት። የዓመቱ በጀት ሊዘጋ ነበር፤ አለቃዬ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር፤ እኔም ክፍያው ኮረብታውን እንዳያመልጠው ጓጉቼ ነበር። ማሻሻያው ይመጣል ብዬ አምኜም ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ሰበብም ነው። ጋሼ ሽፈራው ቢሆኑ ያንን አንቀጽ ቃል በቃል አንብበው «ኤዬ» እስኪል ይጠብቁት ነበር። ጉዮ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ።

መጀመሪያ ነገሩ ጥሩ ሄደ። ክፍያው መጣ፤ ኩሬ ተቆፈረ፤ ወፍጮ ተተከለ። እንግዶች እየመጡ ፎቶ ተነሡ። የማሻሻያውን ጉዳይ በየስብሰባው አነሣሁ፤ በየስብሰባው «በሚቀጥለው» ተባለ። አስተባባሪው ተቀየረ። ማስታወሻውን ይዞት ሄደ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። አንዱ ወቅት ቀረ፤ ቀጣዩም ቀረ። ከነገሌ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የከብት ሬሳ ማየት የተለመደ ሆነ። ጉዮ በእግሩ ቢሮአችን መጣ። እግሩ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ጥጆቹ መቆም አቅቷቸዋል። ኮራው ኮረብታውን ሊከፍት ነው። ሳልነግራችሁ እንዳይሆን ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«ኦቦ ጉዮ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ልጠይቅ» አልኩት።

ጠየቅሁ። ሊቀ መንበሩ ሥልጣን የለኝም አለ። ኃላፊዬ የፕሮግራሙ ጉዳይ ነው አለ። ፕሮግራሙ የክልሉ ነው አለ። ክልሉ ውሉን ተመልከቱ አለ። ውሉ ደግሞ የተጻፈው ከወረዳችን ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በቅጡ በማያነበው በእንግሊዝኛ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ ለሌላው ቢሮ ደብዳቤ ሲጽፍ እዚያ ላም ትወድቃለች። ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ «ይከፈት፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። እኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ፣ ጠበቁና ከፈቱት።

እንዳጣራ የተላክሁት እኔ ነኝ። ኮረብታውን ዙሪያውን ዞርኩት። ያየሁት የጥጃ ኮቴና የላም እበት ነው። የበሬ ኮቴ አላየሁም፤ የፍየል አላየሁም። አንድ ዛፍ አልተቆረጠም። ቡቃያ በበዛበት ወገን በኩል እሾህ አጥረው ከብት እንዳይረግጠው አድርገዋል። እኛ በውል ያላዘዝናቸውን ጥንቃቄ ነው ያደረጉት። ሁሉንም ጻፍኩ፤ የካሎን ሥርዓትም አብራርቼ ሁለት ገጽ አያያዝኩ። የሪፖርቱ ቅጽ ግን መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ የቤት እንስሳት ገብተዋል ወይስ አልገቡም? ገብተዋል የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እውነት ነዋ!

ሁለቱን ገጽ ማንም አላነበበም። ውሉ ተቋረጠ። ፖሊስና ሚሊሻ ሄደው ከብቱን ከኮረብታው አስወጡ፤ ጉዮና ሁለት ሽማግሌዎች የተከለለ ደን ጥሰዋል ተብለው ታሰሩ። ጣቢያ ሄጄ ልጠይቀው ብል ፖሊሱ «እርስዎ አይደሉም እንዴ ሪፖርቱን የጻፉት?» አለኝ። ተመለስኩ። ጉዮ ከሳምንት በላይ ታስሮ ሲፈታ ከጥጆቹ አንድም አልቀረውም።

ግፉ ግን በዚህ አላበቃም። ማኅበሩ ውል ሲቋረጥበት ፈረሰ። ማኅበሩ ሲፈርስ ኮረብታው ባለይዞታ የሌለው መሬት ተብሎ ተመዘገበ። ብዙም ሳይቆይ ከሰል አክሳዮች ከቀበሌ «ደረቅ እንጨት ማንሻ» የሚል ፈቃድ ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ እንደ ድሮው ሊከለክሏቸው ወጡ። «እናንተ ማን ናችሁ? ማኅበራችሁ ፈርሷል» ተባሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው የጠበቁትን ደን እንዳይጠብቁ የተከለከሉት፣ ስለጠበቁት ሊከፍላቸው በመጣ ወረቀት ነው። ፕሮግራሙ ባይመጣ ኖሮ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ሰው ሲያማርር የምሰማው ክፍያው ተቋረጠ እያለ ነው። ክፍያው ይቅር! ባለቤትነታቸውን ማን ይመልስላቸው?

ለኃላፊዬ ይህንኑ ነገርኩት። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ጡረታዎ ደርሷል፤ በሰላም ቢወጡ አይሻልም?» አለኝ። በሰላም ወጣሁ። ለስላሳ ጠጥቼ፣ ተጨብጭቦልኝ።

ከጡረታዬ በኋላ አንድ ቀን ገበያ ውስጥ፣ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ሐጂ፣ «ዘነበች፣ የኤጀርሳ ሽማግሌዎች ከሰል አክሳዮቹን ከስሰዋል፤ ነገ የወረዳው አጣሪ ኮሚቴ ሊሰማቸው ነው፤ ምስክር የላቸውም አሉ» አሉኝ። ሐጂ የሰሙትን እንደ ወሬ ነው የነገሩኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ከአጣሪ ኮሚቴው አባላት ግማሾቹ አብረውኝ የሠሩ ናቸው። ሰብሳቢው «ወይዘሮ ዘነበች፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ።

«ልመሰክር ነው» አልኩ።

ቆሜ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ኮረብታውን የከፈቱት ውሉን ጥሰው አይደለም፤ ውሉ ላይ ይገባል የተባሉትን አምነው ነው፤ እንዲያምኑ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። «ይገባል» ያልኩትን፣ ያስቀረሁትን ቃል ሁሉ ነገርኳቸው። ጸሐፊው መጻፉን አቁሞ ሰብሳቢውን አየ።

«በወቅቱ ለምን አላሉም?» አለኝ ሰብሳቢው።

«እንጀራዬን ፈርቼ።»

«ይህ በእርስዎ ላይ ተጠያቂነት ሊያመጣ እንደሚችል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ይጻፈው፤ ሲጨርስ ደግሞ በኦሮምኛ ላንብብላቸው» አልኩ። ጸሐፊው ጻፈ፤ እኔም ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው።

ስንወጣ ጉዮ ግቢው አጥር ስር ቆሞ ጠበቀኝ። አሁን ሲሄድ በትሩ ይሸከመዋል። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቀው ስፈልግ እሱ ቀደመኝ።

«ያን ቀን ‹ይገባል› ስትዪኝ እኔን አላየሽኝም፤ ዛፉን ነበር የምታዪው። ያኔ አውቄአለሁ» አለኝ።

«አውቀው ነው የፈረሙት?»

«ያፈረ ሰው ተመልሶ ያስተካክላል ብዬ ነው።» በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዘገየሽ» አለኝ። አልተቆጣም፤ የሚያጽናና ቃልም አልጨመረበትም። ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ኮሚቴው ከብዙ ምልልስ በኋላ የከሰሉን ፈቃድ ሰረዘ፤ ኮረብታውንም «ለጊዜው በአካባቢው ሽማግሌዎች ጥበቃ ስር ይቆይ» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። በእኔ ላይ የመጣ ነገር የለም፤ ለመቅጣትም እኮ ውሉን ማንበብ ይጠይቃል። ወገቡ ድረስ ያለው ወይራ አልቋል፤ የከሰል ጉድጓድ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ጽድ ተርፏል። ሽማግሌዎቹ ደብዳቤውን እንኳ ሳይጠብቁ ጠባቂ መድበው ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ሊመጣ ነው አሉ። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ባለሙያ ስልክ ደወለችልኝ። ትሑት ልጅ ናት።

«እትዬ፣ የኤጀርሳ ሽማግሌዎች ሥርዓታቸውን አስጽፈው አምጥተዋል፤ ግን አጻጻፉ ከቅጹ ጋር አይሄድም። እርስዎ ልምድ ስላለዎት ወደ ቅጹ ይቀይሩልን» አለችኝ።

«እኔ ያንን አንዴ አድርጌዋለሁ፤ አልደግመውም። አሁን እናንተ ቅጹን ቀይሩ» አልኳት።

«እንዴት አድርገን? ከላይ የመጣ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ወደ ላይ መልሱት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።